የጨጓራ መድኃኒት፦ ከቦሌ ፋርማሲ እስከ ገጠር ጓዳ

አዲስ አበባ፦ ከመገናኛ ተነሥቶ በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት በሚዘልቀው ጎዳና ግራና ቀኝ ፋርማሲ አይጠፋም። ወደ ገርጂ፣ ወደ ጃክሮስ፣ ወደ ጎሮና ሰሚት ቢታጠፉም ያው ነው። በእነዚህ መድኃኒት ቤቶች መስኮት ላይ አዘውትረው ከሚሰሙት ጥያቄዎች አንዱ እጅግ አጭር ነው፤ «የጨጓራ ስጡኝ» የሚል።

ጠያቂው ብዙ ጊዜ ማዘዣ አልያዘም። ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለበትና ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሁልጊዜ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም ከኋላው ሰው ቆሟልና መልሱ በአንድ ቃል ያልቃል። ተቀብሎ የሚሄደው በአመዛኙ ኦሜፕራዞል ነው። አንዳንዱ ኢሶሜፕራዞል ወይም ፓንቶፕራዞል ይወስዳል። ስማቸው ቢለያይም ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ሥራቸውም አንድ ነው፤ በጨጓራ ውስጥ የአሲድን መመንጨት ይገታሉ።

ኦሜፕራዞል በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሰፈረ፣ በአግባቡ ሲወሰድም ደኅንነቱ የተመሰከረለት መድኃኒት ነው። ችግሩ ያለው በአጀማመሩና በአጨራረሱ ላይ ነው። ለምን እንደሚወሰድ ሳይታወቅ ይጀመራል፤ የሚያበቃበት ቀን ሳይቆረጥለት ይቀጥላል። ለ4 ሳምንት የታሰበው ዓመት ይሞላዋል፤ 8 ሳምንት ሊወሰድ የሚገባው ደግሞ በ5ኛው ቀን ይቋረጣል።

ጉዳዩ የቦሌ ነዋሪ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመውን ለሚ ኩራን ጨምሮ ምሥራቅ አዲስ አበባ የግንባታ ሰፈር ነው። በየሕንፃው ላይ ብሎኬት የሚያመላልሰው፣ አርማታ የሚሞላው ጉልበተኛ አብዛኛው የአርሶ አደር ልጅ ነው። ወላጅ በገጠር ሲታመም የሚደወለው ለእርሱ ነው። «ጨጓራዬ ተነሥቶብኛልና ከአዲስ አበባ ጥሩ መድኃኒት ላክልኝ» ይባላል። ልጅም ከሚሠራበት ሰፈር ገዝቶ ላምበረት መናኸሪያ ይወርድና ወደ ሰሜን ሸዋ ወይም ወደ ወሎ በሚሄድ አውቶቡስ ይልካል። መድኃኒቱ ታማሚውን ያላየ ባለሙያ ሸጦት፣ ታማሚው ደግሞ ባለሙያውን ሳያይ ይውጠዋል። በመካከል ያለው ልጅ የሚያውቀው የመድኃኒቱን ስም ብቻ ነው። የመላክ ልማዱ የመልካም ልጅነት ምልክት ነው፤ በዚህ መንገድ የሚሄደው ዕቃ ግን እንደ ስኳርና እንደ ጨርቅ አይደለም።

በግብርና ኮሌጅ ያለፈ ሰው ስለ አሲድ ሲሰማ አስቀድሞ ትዝ የሚለው አፈር ነው። በሀገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ በግብርናው ዘርፍ በተደጋጋሚ ይገለጻል። መድኃኒቱም ኖራ ነው። ነገር ግን ማንም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አርሶ አደሩን ዝም ብለህ ኖራ በትን አይለውም። አፈሩ ይመረመራል፤ የአሲዱ መጠን ይለካል፤ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ ይሰላል። ከመጠን ያለፈ ኖራ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን አስሮ ሰብሉን እንደሚጎዳ ይታወቃልና። ለማሳችን የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሆዳችን መንፈጋችን ግራ የሚያጋባ ነው።

ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ይሠራል፤ ከዚህ በኋላ ግን ልዩነት አለ። የአፈር አሲዳማነት ጉድለት ሲሆን የጨጓራ አሲድ ግን ተፈጥሮ ለሥራ ያስቀመጠችው ነው። ፕሮቲን እንዲፈጭ ያግዛል፣ ብረትና ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ ተለይተው ለሰውነት እንዲደርሱ ያደርጋል፣ ከምግብና ከውኃ ጋር የገቡ ተህዋስያንን ይገድላል። የጨጓራ ግድግዳ ራሱን የሚጠብቅበት ልባጭ አለው። ሕመም የሚመጣው ልባጩ ሲሳሳ ወይም አሲዱ ወደማይገባው ቦታ፣ ማለትም ወደ ጉሮሮ ቱቦ ሲመለስ ነው።

መድኃኒቶቹ በሦስት መንገድ ይሠራሉ። በተለምዶ አንታሲድ የምንላቸው የሚታኘኩ ክኒኖችና ነጭ ሽሮፖች ልክ እንደ ኖራ የተመነጨውን አሲድ ያከሽፋሉ፤ በደቂቃዎች ያስታግሳሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ኃይላቸው ያልቃል። እነ ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን አሲድ አመንጩ የሚለውን አንዱን መልእክት ያግዳሉ። የዚሁ ቤተሰብ አባል የነበረውና በሰፊው ይወሰድ የነበረው ራኒቲዲን ካንሰር ሊያስከትል የሚችል ቅንጣት ስለተገኘበት በ2020 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ እንዲወጣ ተወስኗል። ኦሜፕራዞል ግን የሚዘጋው ምንጩን ነው። በጨጓራ ግድግዳ ሕዋሳት ላይ አሲድ የሚገፉ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ፤ መድኃኒቱ እነርሱን ይዞ ሥራ ያስፈታቸዋል። የስዊድኑ አስትራ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ሠርተውት በ1988 እ.ኤ.አ. ሎሴክ በሚል ስያሜ ለገበያ በቅቷል።

የአወሳሰዱ ምሥጢር ከዚሁ አሠራር የሚወጣ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል። መድኃኒቱ የሚይዘው በሥራ ላይ ያሉ ፓምፖችን ብቻ ነው። ፓምፖቹ የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ነው። በደም ውስጥ የሚቆየው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ መጠኑ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ደም ውስጥ በሚገኝበትና ፓምፖቹ በሚነቁበት ሰዓት መካከል መገጣጠም ያስፈልጋል። ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ውሰዱ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቁርሱን የሚበላ ሰው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢውጠው ይገጥምለታል። ማታ ከራት በኋላ፣ ወደ አልጋ ሲሄድ የሚውጥ ሰው የመድኃኒቱን ብዙ ጉልበት ያባክናል።

እዚህ ላይ የጾም ጉዳይ ይነሣል። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምዕመን ጠዋት መድኃኒቱን ውጦ ሳይበላ ቢውል ፓምፖቹ በአብዛኛው ሳይነቁ መድኃኒቱ ከደሙ ይወጣል። ሰዓቱን ወደ መፈሰኪያው አቅርቦ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት መውሰድ ከሕክምናው አሠራር ጋር ይስማማል። በረመዳን ደግሞ ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መውሰድ ይቻላል። ቁስለቱ የሚደማ ወይም የጠና ሕመም ያለበት ሰው ግን ስለ ጾሙ ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባቱም ጋር ቢነጋገር ይሻለዋል።

እንክብሉ አይታኘክም፣ አይፈጭም። በውስጡ ያሉት ፍሬዎች አሲድ እንዳያጠፋቸው የተለበጡ ናቸው፤ ልባጩ የሚፈታው ጨጓራን አልፎ አንጀት ሲደርስ ነው። ተፈጭቶ በተልባ ወይም በማር የሚጠጣ ኦሜፕራዞል ገና ጨጓራ ውስጥ ሳለ ይበላሻል። እርጥበትም ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ከእሽጉ ፈልቅቆ በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ወይም መላክ ተገቢ አይደለም። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ውጤቱ በመጀመሪያው ቀን የማይሞላ መሆኑ ነው። ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት እስከ 4 ቀን ሊፈጅ ይችላል። በሁለተኛው ቀን አልሠራልኝም ብሎ ሌላ ፋርማሲ ሄዶ ሌላ ስም ያለውን የሚገዛ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሚገዛው የዚያኑ መድኃኒት ወንድም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ለምን ይወሰዳል ወደሚለው እንምጣ። «ጨጓራ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የአካል ክፍልም የበሽታም ስም ነው። ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ፣ ማቃጠል፣ መንፋት፣ ማግሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ ቃር፣ አንዳንዴም የደረት ውጋት በዚህ አንድ ቃል ይጠራል። በሕክምና ግን እነዚህ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አሲድ ወደ ጉሮሮ ቱቦ የሚመለስበት ቃር አለ። የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት አለ። የሐሞት ጠጠር አለ። ጃርዲያን የመሰለ የአንጀት ተህዋስ አለ። የልብ ድካም ምልክትም አንዳንዴ በዚሁ ቦታ ይሰማል። ለሁሉም አንድ ዓይነት እንክብል መስጠት ሲያገረጣም፣ ሲጠወልግም፣ በትል ሲበላም ለሰብሉ ዩሪያ ብቻ እንደመጨመር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በሀገራችን ልዩ ክብደት ያለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ በየክሊኒኩ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ ይሉታል። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ይህ ባክቴሪያ ለጨጓራ ቁስለት ምክንያት መሆኑን ሲናገሩ በመጀመሪያ የሚያምናቸው አጥተው ነበር። ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱም በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን ተሸክሞ ተገኝቷል። አብዛኛው ተሸካሚ ምንም ሳይሰማው ይኖራል፤ በጥቂቱ ላይ ግን ቁስለት ያስከትላል፣ ለዓመታት ሲቆይም ለጨጓራ ካንሰር ያጋልጣል።

ኦሜፕራዞል ብቻውን ኤች ፓይሎሪን አይገድልም። ሕመሙን ያስታግሳል፣ ቁስሉም ሊሽር ይችላል፤ ባክቴሪያው ግን ስለሚቀር ቁስሉ ይመለሳል። ሕክምናው ኦሜፕራዞልን ከሁለትና ከዚያ በላይ ፀረ ተህዋስ መድኃኒቶች ጋር በማጣመር፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን የሚሰጥ ነው። በመካከል ሲሻለው የሚያቆም ሰው ባክቴሪያውን አለማምዶ ይለቀዋል። ሌላም ወጥመድ አለ። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ባይገድለውም ቁጥሩን ይቀንሰዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን እየወሰደ የሰገራ ምርመራ የሚያደርግ ሰው ባክቴሪያው እያለበት የለብህም ሊባል ይችላል። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞልን ለ2 ሳምንት፣ ፀረ ተህዋስ መድኃኒትን ለ4 ሳምንት ማቆም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ይህን ግን ሐኪም ሳያውቀው ማድረግ አይገባም። በደም የሚደረገው ምርመራ በተቃራኒው ያሳስታል። ባክቴሪያው ከጠፋ ከወራት በኋላም አለ ሊል ስለሚችል በየጊዜው «ተመልሶብሃል» እየተባለ ፀረ ተህዋስ የሚደጋገምለት ሰው አለ። መዳን አለመዳኑን ለማረጋገጥ ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ በሰገራ ወይም በትንፋሽ መመርመር ይመረጣል።

ሁለተኛው ትልቅ የቁስለት ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ልባጭ የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ። በሰሚትና በቦሌ አራብሳ ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚውለው ወጣት ማታ ወገቡን ሲያመው የሚገዛው ዲክሎፌናክ ነው። በገጠር አጨዳ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውለው አርሶ አደርም እንዲሁ። ከሳምንታት በኋላ ጨጓራው ይነሣል፤ ለእርሱ ኦሜፕራዞል ይጨመራል፤ ማስታገሻው ግን አልቆመም። መርፌው ይሻላል የሚለው እምነትም ስሕተት ነው፤ በመርፌ ቢገባም ጨጓራን የሚጎዳው በደም በኩል ስለሆነ ጉዳቱ አይቀርም። ጨጓራውን የሚያመው ሰው ለወገቡም ሆነ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይሻለዋል፤ እርሱም በተወሰነለት መጠን። እዚህ ላይ የፋርማሲ ባለሙያው አንድ ጥያቄ፣ «ለሕመም ሌላ የምትወስደው አለ ወይ» የምትለዋ፣ ከሚሸጠው እንክብል የበለጠ ልትፈውስ ትችላለች።

ለምን ያህል ጊዜ ይወሰድ የሚለው እንደ በሽታው ይለያያል። ለትንሹ አንጀት ቁስለት ብዙ ጊዜ 4 ሳምንት፣ ለጨጓራ ቁስለትና ለጠና ቃር እስከ 8 ሳምንት ይታዘዛል። በአሜሪካ ያለ ማዘዣ በሚሸጠው ኦሜፕራዞል ማሸጊያ ላይ ለ14 ቀን ብቻ እንዲወሰድ፣ ከ4 ወር በፊትም እንዳይደገም ተጽፏል። እኛ ዘንድ በእሽግ ተቆርጦ ስለሚሸጥ ማሸጊያውና በውስጡ ያለው መመሪያ ፋርማሲው ውስጥ ይቀራል። ገዢው እጅ የሚደርሰው 10 ፍሬ እንክብል ነው፤ መቼ እንደሚያበቃ የሚናገር ነገር አብሮት አይሄድም።

ማቆም ለምን እንደሚከብድ ማወቅም ያስፈልጋል። ፓምፖቹ ለሳምንታት ተዘግተው ሲቆዩ ሰውነት አሲድ አነሰኝ ብሎ ተጨማሪ የማዘዣ ሆርሞን ያመነጫል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም የታዘዘው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ የዴንማርክ ጥናት 120 ጤነኛ ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ግማሾቹ ለ8 ሳምንት ኢሶሜፕራዞል ወስደው ሲያቆሙ 44 በመቶው ቃርና ማቃጠል ጀመራቸው፤ አስመሳይ እንክብል ከወሰዱት መካከል ይህ የታየው በ15 በመቶው ላይ ነው። ልብ ይባል፤ እነዚህ ሰዎች ከመጀመሪያው ጨጓራቸውን የማያማቸው ነበሩ። በየፋርማሲው «ሳቆመው ይነሣብኛል፣ ስለዚህ ያስፈልገኛል» የሚል ሰው አንዳንዱ የሚታከመው መድኃኒቱ ራሱ ያመጣበትን ነው። በሐኪም ምክር መጠኑን በግማሽ መቀነስ፣ ቀጥሎም አንድ ቀን እያለፉ መውሰድ፣ በመካከል ለሚነሣው ቃር አንታሲድ መጠቀም ይረዳል። ስሜቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚበርድ ነው። በሌላ በኩል ቁስለታቸው ደምቶ የሚያውቅ፣ ለልብ አስፕሪን በቋሚነት የሚወስዱና መሰል ሕመምተኞች ለረጅም ጊዜ እንዲወስዱ ሐኪም አውቆ ሊያዝላቸው ይችላል፤ እነዚህ ይህን አንብበው በራሳቸው እንዳያቆሙ።

የረጅም ጊዜ ጉዳቱን በተመለከተ በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ የሚያስፈራ ነገር ይዞራል። ሚዛኑን መጠበቅ ተገቢ ነው። ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ3 ዓመት ያህል የተከታተለና በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ሰፊ ጥናት ፓንቶፕራዞልን ከአስመሳይ እንክብል ጋር ሲያነጻጽር፣ በግልጽ ጨምሮ ያገኘው የአንጀት ኢንፌክሽንን ብቻ ነው። ነገር ግን የጥናቱ ተሳታፊዎች ሐኪም የሚከታተላቸው ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቋም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአጥንት ስብራትና የማግኒዚየም ማነስ ሊያጋጥም እንደሚችል በ2010 እና በ2011 እ.ኤ.አ. አሳስቧል። ከ2 ዓመት በላይ በሚወስዱ ላይ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት መታየቱንም ጥናት አመልክቷል።

ይህን ወደ እኛ ማዕድ ስናመጣው መልኩ ይለወጣል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። በዓመት ውስጥ ረጅሙን ጊዜ በጾም የሚያሳልፍ፣ በፍስኩም ሥጋ በበዓል ብቻ የሚያገኝ ሰው ቀድሞውኑ ቢ12ቱ ጠባብ ነው። በእንጀራችን ውስጥ ያለው የጤፍ ብረትም ወደ ደም እንዲገባ አሲድ ይፈልጋል። በወር አበባና በወሊድ ደም የምታጣ እናት ለዓመታት ኦሜፕራዞል ስትወስድ የደም ማነሷ ምክንያት እዚያ ሊሆን እንደሚችል ማን ያስታውሳታል? እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ይደክመኛል፣ ያዞረኛል የሚል የረጅም ጊዜ ተጠቃሚ የደም ምርመራ ማድረግ አለበት።

የአንጀት ኢንፌክሽኑም በወረቀት ላይ እንደሚነበበው ቀላል አይደለም። የጨጓራ አሲድ ኮሌራን ከሚያግዱ በሮች አንዱ ነው። ከ2014 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በሀገራችን የተለያዩ አካባቢዎች የተዛመተው ኮሌራ በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል የተሰበሰቡ ምዕመናንንም አጥቅቶ ነበር። የውኃው ንጽሕና በማይታመንበት ቦታ የሚኖር ሰው ያለ በቂ ምክንያት ያንን በር ክፍት አድርጎ መቆየቱ አይመከርም። የግድ የሚወስድ ከሆነም ውኃውን አፍልቶ ወይም በውኃ ማከሚያ አክሞ ይጠጣ።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለውን ግጭትም ለባለሙያ መናገር ግድ ይላል። ለልብ ሕመም የሚሰጠው ክሎፒዶግሬል በኦሜፕራዞል ምክንያት ኃይሉ ይቀንሳል። የእንቅርት ሆርሞን ክኒን የሚወስዱ ሰዎች መጠናቸው መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል አታዛናቪር ላይ ያሉ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ኦሜፕራዞል መጀመር የለባቸውም። በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ከኦሜፕራዞል ጋር ይስማማል፤ ከአንታሲድ ጋር ግን አይስማማም። ዶሉቴግራቪሩ ከአንታሲዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት።

የዋጋው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሀገራችን አብዛኛውን መድኃኒት የምትገዛው ከውጭ ስለሆነ ይህ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ መታየቱ አልቀረም። በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከውጭ የገባውን ውድ ዓይነት የሚመርጥ አለ፤ በአያት ኮንዶሚኒየም ደግሞ 5 ፍሬ ብቻ ቁረጥልኝ የሚል አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል ለማለት ያስደፍራል። ውዱና ርካሹ ኦሜፕራዞል በባለሥልጣኑ የተመዘገቡ እስከሆኑ ድረስ በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር አንድ ነው። በ5 ፍሬ ደግሞ ቁስለት አይድንም። ገንዘብ ላጠረው ሰው ከግል ፋርማሲ በፊት ጤና ጣቢያውን፣ በአዲስ አበባም የከተማ አስተዳደሩን የከነማ ፋርማሲዎች መጠየቅ ይሻላል። በገጠር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ በጤና ጣቢያው የሚታከመው ቀድሞ በከፈለው መዋጮ ስለሆነ፣ በልጅ ደመወዝ ከአዲስ አበባ ከማስገዛቱ በፊት መታወቂያውን ይዞ ወደዚያ ቢሄድ ገንዘብም ጊዜም ያተርፋል።

አንዳንድ ምልክቶች ግን ፋርማሲም አውቶቡስም የሚጠብቁ አይደሉም። ምግብ ሲውጡ መያዝ፣ ሳያስቡት መክሳት፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ የማያቋርጥ ትውከት፤ እነዚህ የታዩበት ሰው በቀጥታ ሆስፒታል ሄዶ በኢንዶስኮፒ መታየት አለበት። ከ60 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ የጨጓራ ሕመምም እንዲሁ። በአርሲና በባሌ የጉሮሮ ቱቦ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፤ ከእነዚህ ታካሚዎች ብዙዎቹ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚደርሱት ምግብ ማለፍ ካቃተው በኋላ ነው። ኦሜፕራዞል የካንሰርን ቁስል ሳይቀር ለጊዜው ሊያስታግስ ስለሚችል «ተሽሎኛል» የሚባልባቸው ወራት የሚያልፉት በከንቱ ነው። ደረትን ጨምቆ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ደግሞ ጨጓራ ተብሎ የሚታደርበት አይደለም፤ ልብ ሊሆን ይችላል።

ለላምበረቱ ዕቃ እንመለስና፣ ወላጁን የሚወድ ልጅ መላኩን ባይተው እንኳ ቅደም ተከተሉን ሊያስተካክል ይችላል። በመጀመሪያ አባት ወይም እናት ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ፤ የታዘዘው እዚያ ከጠፋ የማዘዣው ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይላክና ልጁ ያንኑ ይግዛ። በሚገዛበትም ጊዜ እናቱ ሌላ ምን እንደሚወስዱ ለባለሙያው ይንገር። እንክብሉ ከነእሽጉ፣ የሚያበቃበት ቀን ከሚታይበት ጎን ሳይቆረጥ ይላክ። አብሮት በአማርኛ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ይኑር፤ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት በስንት ደቂቃ፣ የሚጀመርበት ቀንና የሚቆምበት ቀን ይጻፍበት። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ወረቀቱን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታነብላቸዋለች። ከመደበኛው ፋርማሲ ውጭ የሚሸጥ ወይም ማሸጊያው አጠራጣሪ የሆነ መድኃኒት ያጋጠመው ሰው በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ ማሳወቅ ይችላል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን ደርሶ ሕመሙ ካልለቀቀ፣ ሁለተኛ እሽግ ከማስላክ በፊት ባዶውን እሽግ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱ።